58,000 ማይል የሄደ ኤክስ 1 ለሁለት ልጆች ቤት ይሆናል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ4 ዓመት ወንድና የ8 ወር ሴት ልጅ አሉን። ባለቤቴ 58,000 ማይል የሄደ የ2019 ቢኤምደብሊው ኤክስ 1 ላይ ዓይኑን ጥሏል። ከአዲስ ቶዮታ ራቭ 4 ሃይብሪድ በብዙ ሺህ ዶላር ስለሚረክስ ‹በዚህ ዋጋ ቅንጦት እያለ ምን አስጨነቀሽ› ይለኛል። እኔ ግን ጥገናውን ፈራሁ። ሐሳባችን ሰባት ዓመት ነድተን ከዚያ አዲስ አበባ ልንልከው ነው። በሰመር ደግሞ እናቴ ለጥቂት ወራት ትመጣለች። በየቀኑ ለቤተሰብ የሚሆን መኪና ነው ወይ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ባለቤትሽ ያየው መጥፎ መኪና አይደለም። እንዲያውም ከትናንሾቹ የቅንጦት መኪኖች ውስጥ ለቤተሰብ ታስቦ የተሠራ ነው ከምላቸው አንዱ ነው። ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው፤ የቆጠረው መግዣውን ብቻ ነው። ይህ መኪና አዲስ ሆኖ ሲሸጥ፣ ተጨማሪ ዕቃዎቹ ሲገቡበት፣ ወደ 40,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። እናንተ ዛሬ በግማሹ ብትወስዱት እንኳ መለዋወጫው የሚሸጥላችሁ በ40,000 ዶላር መኪና ዋጋ ነው። መኪናው ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የመብራቱ፣ የፖምፓውና የሴንሰሩ ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። ጋራዣችን የሚመጡ ቤተሰቦች በብዛት የሚደነግጡት በዚህ ነው። የወር ክፍያው ቀላል ስለሆነ መኪናው ራሱ ቀላል ይመስላቸዋል።

መጀመሪያ ግን ለባለቤትሽ የሚገባውን ልስጠው። እስከ 2015 አሜሪካ ይሸጥ የነበረው የመጀመሪያው ኤክስ 1 የኋላ ጎማውን መነሻ አድርጎ የተሠራ ነበር፤ ሞተሩ በቁመት ስለሚቀመጥ ኮፈኑ ይረዝማል፣ ውስጡ ይጠባል። ከ2016 ሞዴል ጀምሮ ሞተሩን አግድም አስቀመጡት፣ ከሚኒ ካንትሪማን ጋር በሚጋራው መሠረት ላይ ሠሩት፣ ከፊት የተረፈውን ቦታ ለኋላ ተሳፋሪና ለዕቃ ሰጡት። የመኪና አፍቃሪዎች «እውነተኛ ቢኤምደብሊው አይደለም» ብለው አጉረምርመውበታል። ለልጆች እናት ግን ከዚያ የተሻለ ዜና የለም። ትራንኩ በአውሮፓው ልኬት 505 ሊትር ይይዛል፤ መርሴዲስ ጂኤልኤ፣ አዲሱ እንኳ፣ 435 ነው። ራቭ 4 ደግሞ 580 ነው። ሞተሩ 2.0 ሊትር ባለ ቱርቦ፣ 228 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ቤልትዌይ ላይ፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ስትገቢ ከኋላ የመጣውን ከባድ መኪና እያየሽ አትሳቀቂም። ካምቢዮው ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ ነው፣ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለት ዕድሜ አለው።

ወደ ኋላ ወንበሩ እንሂድ፤ የእናንተን ውሳኔ ከሞተሩ ይልቅ እሱ ነው የሚወስነው።

በቨርጂኒያ ሕግ ከጁላይ 2019 ጀምሮ ልጅ 2 ዓመት እስኪሞላው፣ ወይም ወንበሩን የሠራው ድርጅት ፊቱን ወደፊት ለማዞር የፈቀደው ዝቅተኛ ክብደት ላይ እስኪደርስ፣ ወደኋላ ዞሮ መቀመጥ አለበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2018 ከዚያ አልፎ ሄዷል፤ ዕድሜ አትቁጠሩ፣ ወንበሩ የሚችለው ቁመትና ክብደት እስኪሞላ ድረስ ወደኋላ ይዙር ብሏል። ስለዚህ የትንሿ ልጅሽ ወንበር ገና ሁለትና ሦስት ዓመት ወደኋላ እንደዞረ ይቆያል። ይህ ዓይነት ወንበር ትንሽ ጋደም ብሎ ስለሚታሰር ፊት ያለውን ወንበር ወደ መሪው ይገፋዋል። ባለቤትሽ ረጅም ከሆነ በእሱ ጀርባ አታስቀምጡት፤ በጋቢናው ጀርባ ይሁን። ያን ጊዜ ደግሞ ጋቢና የሚቀመጠው ሰው ጉልበቱን አጠፍ ያደርጋል። ራቭ 4 ላይም ይገፋል፣ ግን ሁለት ጣት ያህል ትርፍ አለው፤ ያቺ ሁለት ጣት ለረጅም መንገድ ትልቅ ነገር ናት።

እናትሽ ሲመጡስ? አምስት ሰው ናችሁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ጋቢና መቀመጥ አለባቸው። እዚህ ላይ ኤክስ 1 ጥሩ ነው፤ መቀመጫው ከፍ ስለሚል እንደ ሴዳን ቁልቁል አይሰምጡበትም፣ እንደ ትልልቆቹ ኤስዩቪዎችም ተንጠላጥለው አይወጡበትም። ባለቤትሽ ከነዳ ግን አንቺ ኋላ በሁለት የልጅ ወንበሮች መሐል ትገቢያለሽ። ኤክስ 1 ውስጥ በሁለት ሰፋፊ ወንበሮች መሐል ትልቅ ሰው ተቀምጦ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ይደርሳል፣ ፊላዴልፊያ ግን አይደርስም። መሐሉ ጠባብ ነው፣ ወለሉም ከፍ ይላል። ራቭ 4ም በዚህ ብዙ አይሻልም፤ በጥቂቱ ብቻ። በየሳምንቱ አምስት ሆናችሁ የምትወጡ ከሆነ ሁለቱም መኪኖች ያንሷችኋል፣ ባለሦስት ረድፍ ፈልጉ። እናትሽ በዓመት ጥቂት ወር ብቻ ከሆኑ ጠበብ ያሉ የልጅ ወንበሮች ግዙ፤ መኪና ከመቀየር ይረክሳል። ወንበር ስታስሩ ደግሞ መኪናው ላይ ያለውን የልጅ ወንበር ማሰሪያ የታችኛውን መንጠቆ እስከመጨረሻው አትመኑት። ብዙ ጊዜ ልጁና ወንበሩ ተደምረው 65 ፓውንድ ሲሞሉ በመንጠቆው ማሰር ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ በመኪናው ቀበቶ ነው። የ4 ዓመቱ ልጅሽ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የወንበሩን መመሪያ ተመልከቺ።

አንድ ፈተና ስጧቸው፤ እናትሽን በምትቀበሉበት በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስም የደለስ ፈተና እለዋለሁ። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ መንገደኛ አየር መንገዱ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ይፈቅዳል። እናትሽ ደግሞ በርበሬውን፣ ሽሮውንና ድርቆሹን ይዘው እንደሚመጡ ታውቂያለሽ፤ አንዱም ሻንጣ ባዶ አይመጣም። ሁለት ትልልቅ ሻንጣና አንድ የእጅ ሻንጣ ኤክስ 1 ትራንክ ውስጥ ይገባሉ። የሕፃኗ ጋሪ ሲጨመር ግን አይገቡም፤ የልጅ ወንበሮቹ ስለታሰሩ የኋላውን ወንበር ማጠፍም አትችዪም። ስለዚህ ወይ ጋሪው ቤት ይቀራል፣ ወይ ጣሪያ ላይ ሳጥን ይገጠማል፣ ወይ ባለቤትሽ ብቻውን ይሄዳል። መኪናውን ለሙከራ ስትነዱ የራሳችሁን ሁለት የልጅ ወንበሮች፣ ጋሪውንና ሁለት ሻንጣ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ፊቱን ያጠቁር ይሆናል፤ አይመለከታችሁም።

ስለ ውስጡ በአጭሩ፦ በአብዛኞቹ የ2019 ኤክስ 1 መኪኖች ላይ ያለው ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው። ባለቤትሽ እውነተኛ ቆዳ አይደለም ብሎ ቅር እንዳይለው። ወተትና የሽሮ ፍንጣቂ በእርጥብ ጨርቅ የሚለቀው ከእሱ ነው። ነጣ ያለ ቀለም ግን አትውሰዱ። ጣሪያው ሰፊ መስታወት ከሆነ የውሃ መውረጃ ቱቦዎቹ በቅጠልና በአቧራ ይደፈናሉ፣ ውሃው ምንጣፉ ሥር ገብቶ የኤሌክትሪክ ሳጥኖችን ያበላሻል። ዛፍ ሥር የምታቆሙ ከሆነ በዓመት አንዴ አስጠርጉት።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። የቢኤምደብሊው ዋስትና 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ነው፤ ይህ መኪና ሁለቱንም አልፏል። የሚበላሸው ሁሉ ከእናንተ ኪስ ነው። የዚህ ሞተር ትውልድ ጠንካራ ነው፣ ከእሱ በፊት የነበረውን ያሳማው የሰንሰለት ችግር በእሱ ላይ አይታወቅም። የሚታወቀው ዘይትና ውሃ ማንጠባጠቡ ነው። የዘይት ፊልትሮው የሚቀመጥበት ክፍል ጋስኬት፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ጋስኬትና የማቀዝቀዣው ፕላስቲክ ክፍሎች ከሙቀት ብዛት ይደርቃሉ። ከ60,000 እስከ 100,000 ማይል ባለው ውስጥ አንዱ ወይም ሌላው ይመጣል፤ እናንተ የምትገቡት ልክ እዚህ መግቢያው ላይ ነው። ጋስኬቱ ራሱ ርካሽ ነው። ውድ የሚሆነው ሰዓቱ ነው፤ ሞተሩ አግድም ተጠጋግቶ ስለገባ እሱ ጋር ለመድረስ ብዙ ነገር ይፈታል። በእኛ አካባቢ የግል ጋራዥ በሰዓት 150 ዶላርና ከዚያ በላይ ያስከፍላል፣ የድርጅቱ ወኪል ደግሞ ከ200 በላይ። ሰዓቱን ስታባዢው ሒሳቡ ይገባሻል።

ጎማው ሌላ ነው። ይህ መኪና ስኮርታ የለውም። አብዛኞቹ የመጡት ረንፍላት በሚባለው፣ አየሩ ቢወጣም በ50 ማይል ፍጥነት 50 ማይል ያህል በሚያስኬድ ጎማ ነው። ሌሊት ሕፃን ይዞ ሀይዌይ ላይ ጎማ ከመቀየር ያድናል፣ አልክድም። ግን ውድ ነው፣ ይደርቃል፣ ጉድጓድ ላይ ያነጥራል፤ ከተበሳ በኋላ ከተነዳም ጎሚስታው አይደፍነውም። በጁላይ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ሲደርስ ቤተሰብ ጭኖ ሌላ ስቴት የሚነዳ ሰው ቅዳሜ ማታ ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህን ጎማ በቁጥሩ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መኪናው በአራቱም ጎማ የሚገፋ ከሆነ ደግሞ አንዱን ብቻ መቀየር አይሆንም። የጎማዎቹ ውፍረት ተቀራራቢ ካልሆነ ኃይል የሚያከፋፍለውን ክፍል ያደክመዋል። አንድ ጎማ ተበሳ ብለው መጥተው አራት ጎማ ከፍለው የወጡ አሉ።

ባትሪው እንኳ እንደ ድሮው አውልቆ መቀየር ብቻ አይደለም፤ አዲሱ ለመኪናው ኮምፒውተር መመዝገብ አለበት፣ አለበለዚያ በአሮጌው መጠን እየሞላ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። የፊት መስታወት ሲሰነጠቅ ካሜራ ያለበት ከሆነ ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት። የዛሬ ራቭ 4ም እንዲሁ ነው፤ ይህኛውን ለቅንጦት ብቻ አትቁጠሪው።

ዘይት ላይ ምክሬ ከዳሽቦርዱ ይለያል። ኮምፒውተሩ 10,000 ማይል ወይም አንድ ዓመት ይላል። እናንተ ግን የምትነዱት ከቤት ዴይኬር፣ ከዴይኬር ሥራ፣ ሁለት ሦስት ማይል እየሆነ ነው። በእንዲህ ያለ አጭር መንገድ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንና እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ቱርቦው የሚታጠበው ደግሞ በዚያው ዘይት ነው። በ5,000 ማይል ወይም በስድስት ወር ቀይሩ፤ ዘይቱም የአምራቹን የጥራት ደረጃ የያዘ ይሁን፣ ቁጥሩ መመሪያው ላይ አለ። የካምቢዮ ዘይት «ለዕድሜ ልክ ነው» ቢሏችሁ አትስሙ፤ 60,000 አካባቢ አስቀይሩት። በአጋጣሚ እናንተ እዚያው ናችሁ።

ቤንዚኑን እናስላ። አምራቹ የሚመክረው ፕሪሚየም ነው፤ በአራቱም ጎማ የሚገፋው ኤክስ 1 በአማካይ በጋሎን 25 ማይል ይሄዳል። ራቭ 4 ሃይብሪድ በመደበኛው ቤንዚን 40 ገደማ ይሄዳል። በዓመት 12,000 ማይል ብትነዱ አንዱ 480 ጋሎን፣ ሌላው 300 ጋሎን ይፈልጋል። ፕሪሚየሙን በ4 ዶላር ከ10፣ መደበኛውን በ3 ዶላር ከ20 ብንይዘው 1,968 ለ960 ነው። በዓመት 1,000 ዶላር ልዩነት፣ በሰባት ዓመት 7,000። ባለቤትሽ አተረፍኩ የሚለው ገንዘብ ብዙው እዚህ ላይ ይፈስሳል፤ ጥገናውን ገና አልነካንም። ለእውነት ለመናገር ግን አዲስ መኪና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያጣው ዋጋና የባንክ ወለዱም አለ። ቨርጂኒያ ደግሞ በየዓመቱ የመኪና ግብር በዋጋው ልክ ስለምትቀበል አዲሱ ራቭ 4 መጀመሪያ ላይ ከአሮጌው ኤክስ 1 የበለጠ ግብር ያስከፍላችኋል። ስለዚህ ባልሽ ጨርሶ አልተሳሳተም። የፍተሻው ነገር ግን የእሱን ሚዛን ያቀልለዋል። በዓመት የደኅንነት ፍተሻ፣ በሁለት ዓመት የጭስ ምርመራ አለባችሁ። የሞተር መብራት ከበራ የጭስ ምርመራውን አታልፉም፤ ሴንሰር የበዛበት አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ያ መብራት ቶሎ ቶሎ ይበራል።

አዲስ አበባ የመላኩን ሐሳብ ከሒሳቡ አውጡት። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ሕጉ ይቀየራል ብሎ ዛሬ መኪና መግዛት ለእኔ አይታየኝም።

ሌላ ትንሽ የቅንጦት መኪና ቢፈለግስ? ጂኤልኤን ለሁለት የልጅ ወንበር አልመክርም፤ የቅንጦት ስሙ እንጂ ቦታው የሴዳን ነው። ከዚያው ቤት ጂኤልቢ ይሻላል፣ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ወንበር ማስገባት ይቀላል። ኦዲ ኪው 3፣ ከ2019 ወዲህ ያለው፣ የኋላ ወንበሩ ስለሚንሸራተት ቦታን ከትራንክ ወስዶ ለልጅ መስጠት ይቻላል። ቮልቮ ኤክስሲ 40 በውስጡ ኪሶችና ማስቀመጫዎች ለእናት ታስቦ የተሠራ ይመስላል፣ የነዳጁና የመለዋወጫው ነገር ግን ከኤክስ 1 ብዙ አይርቅም። ባለቤትሽ የግድ የቅንጦት መኪና ካለ እኔ የምገፋችሁ ወደ ሌክሰስ ኤንኤክስ 350ኤች ነው፣ ከ2022 ጀምሮ ያለው። መሠረቱን ከራቭ 4 ጋር ይጋራል፣ ሞተሩ ቱርቦ የሌለው 2.5 ሊትር ሃይብሪድ ነው፣ መደበኛ ቤንዚን ይጠጣል፣ በጋሎን 39 ማይል ይሄዳል። የሃይብሪድ ባትሪው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው፣ መኪናው ሲሸጥም ከመኪናው ጋር ይተላለፋል። ትራንኩ ግን ከራቭ 4 ያንሳል፣ ያገለገለውም ቢሆን በርካሽ አይገኝም። ርካሽ ያልሆነበትን ምክንያት እስካሁን ያነበብሽው ይነግርሻል።

ያገለገለ ራቭ 4 ሃይብሪድ ለመግዛት ካሰባችሁ፣ በ2019 እና በ2021 መካከል የወጡት ላይ ወደ ኋላው የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄደው የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ ማያያዣ በመንገድ ጨው ይዝጋል፤ ከሥር ገብቶ የሚያይ ሰው ይየው። ቶዮታም ያለ ነውር አይደለም። ሀይዌይ ላይ የጎማው ድምፅም ከኤክስ 1 ይበልጣል፤ ሕፃን ሲተኛ ይሰማሻል።

የእኔ ፍርድ፦ ገንዘባችሁ ልክ በልክ ከሆነ ኤክስ 1ን ተዉት። ልክ በልክ ካልሆነ፣ ማለትም ለመኪናው ብቻ በወር 150 ዶላር ለይታችሁ ማስቀመጥ ከቻላችሁና ያንን ገንዘብ ለሌላ ካልነካችሁት፣ ባለቤትሽ ደስ ብሎት ይንዳው። ሰባት ዓመት ግን አትያዙት፤ ሦስት ይበቃል፣ 100,000 ማይል ከመድረሱ በፊት ሽጡት።

ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ በማያውቀው የግል ጋራዥ አስፈትሹት። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ይነሣ፤ ሻጩ ቀድሞ ካሞቀው ሌላ ቀን ተመለሱ። ከሥር ያለውን መሸፈኛ አውልቀው ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ ይዩ። የሞተሩን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ኮምፒውተሮች ኮድ ያንብቡ፤ በቅርቡ የጠፋ ኮድ ካለ ለምን እንደጠፋ ይጠየቅ። አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት መሆናቸውንና የተሠሩበትን ዓመት ተመልከቱ። የመኪናውን የሻሲ ቁጥር የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሠራለት ሪኮል፣ ማለትም አምራቹ ላስተካክል ብሎ መኪናውን የጠራበት ጉድለት፣ እንዳለ በነፃ ማየት ትችላላችሁ። የዘይት ቅየራ ወረቀቱ ከሌለ፣ ወይም በ58,000 ማይል ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ ከተቀየረ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያምር እለፉት፤ እንደ እሱ ያለ ኤክስ 1 በየሳምንቱ ይመጣል።

ሻጩ ተጨማሪ ዋስትና ልሽጥላችሁ ካለ ደግሞ የማይሸፍነውን ዝርዝር አስቀድማችሁ አንብቡ። ጋስኬትና ማንጠባጠብ እዚያ ውስጥ ከተጻፈ ገንዘቡን ለራሳችሁ ቆጥቡ፤ ይህን መኪና ወደ ጋራዥ የሚያመጣው በብዛት እሱ ነውና።